ሦስት ጊዜ የተመለሰ ፋይል

ይህን የምጽፈው ለአንድ የሚያከብሩት መምህር የሙሉ ፕሮፌሰርነት ማዕረግ እንዲሰጥ ፋይል ለማዘጋጀት ላሰቡ የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች፣ ባልደረቦችና የቀድሞ ተማሪዎች ነው። እኔ ሥራውን ስጀምር በአንድ ሴሚስተር ያልቃል ብዬ ነበር፤ ከአራት ዓመት በላይ ወሰደብኝ። ፋይሉ ሦስት ጊዜ ተመልሷል፤ ከሦስቱም ጊዜ ቢያንስ ሁለቱ የራሴ ጥፋት ነበሩ። የዩኒቨርሲቲውንም ሆነ የመምህሬን ስም አልጠቅስም፤ ለአንባቢ የሚጠቅመው ስሙ ሳይሆን የተሳሳትኩበት ቦታ ነውና።

በ2010 ዓ.ም. የባዮሎጂ ትምህርት ክፍል ኃላፊ ሆኜ ስመደብ የመጀመሪያ ሥራዬ የመምህራንን ዝርዝር ከነደረጃቸው አጣርቶ ለሰው ሀብት መላክ ነበር። መዝገብ ቤት ገብቼ ማኅደሮቹን ሳገላብጥ፣ በመጀመሪያ ዲግሪም በሁለተኛ ዲግሪም ዕፅዋትን ያስተማሩኝ ሴት መምህር ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ ተባባሪ ፕሮፌሰር እንደሆኑ አነበብኩ። ዓይኔን ተጠራጠርኩ። በግቢው ውስጥ ከዘበኛው እስከ ፕሬዚዳንቱ ሁሉም «ፕሮፌሰር» እያለ ነበር የሚጠራቸው። ሁላችንም ስለጠራናቸው ማዕረጉ ያላቸው መስሎን ማንም አልጠየቀም። በእኛ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ከተባባሪ ወደ ሙሉ ፕሮፌሰርነት ለማለፍ አራት ዓመት ማገልገል ይበቃል፤ እሳቸው አሥር ዓመት አልፏቸዋል።

በማግስቱ ቢሯቸው ሄጄ ነገሩን አነሣሁባቸው። ሻይ አስመጡልኝና፣ «እየው ልጄ፣ ማዕረግ ለምኖ ማግኘት ደስ አይለኝም። ሥራዬን ያየ ይስጠኝ፣ ያላየ ይተወው» አሉኝ። እኔም ይህን እንደ መጨረሻ ቃል ወስጄ፣ «እሳቸው ካልፈለጉ ምን አደርጋለሁ» ብዬ አንድ ሙሉ ዓመት ዝም አልኩ። የመጀመሪያው ስሕተቴ ይህ ነበር። አባቶቻችን «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ሲሉ ተናጋሪው ባለጉዳዩ ራሱ መሆን አለበት ያሉ አይመስለኝም። ራስን ማወደስ ነውር ሆኖ ባደግንበት አገር፣ በተለይ የመምህሬን ዕድሜ የሚጋሩ ሰዎች ለራሳቸው የማመልከቻ ደብዳቤ እስኪጽፉ መጠበቅ ማለት እንዲቀርባቸው መፍረድ ማለት ነው። ከሴት መምህራን ጋር ደግሞ ነገሩ ይብሳል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሮፌሰር የሆኑት ፕሮፌሰር ያለምፀሐይ መኮንን እዚያ ማዕረግ ላይ የደረሱት፣ ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ1950 ከተመሠረተ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በእኛ ክፍል ወንዶቹ ባልደረቦቻችን አራት ዓመቱ በሞላ በሳምንቱ ፋይላቸውን ይዘው ሲመጡ አይቻለሁ፤ አልወቅሳቸውም፤ መብታቸው ነው። መምህሬ ግን ሦስት ልጆች አሳድገው፣ ሁለት ጊዜ የክፍሉ ኃላፊ ሆነው፣ የላቦራቶሪውን ቁልፍ በአንገታቸው አንጠልጥለው ሲሮጡ ስለራሳቸው የሚጽፉበት ከሰዓት አልነበራቸውም።

በጥቅምት 2011 እንደገና ሄድኩ። በዚህ ጊዜ ይፈልጉ እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም፤ «ዶክተር፣ ፋይሉን እኛ እናዘጋጃለን፣ ከእርስዎ የምንፈልገው ወረቀቶችዎን ብቻ ነው» አልኳቸው። ለጊዜው ዝም አሉና ከመደርደሪያቸው ሥር አንድ የቆርቆሮ ሳጥን ጎትተው ሰጡኝ። እናንተም ብትሆኑ በዚህ መንገድ ጀምሩ። «ይፈልጋሉ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ለትሑት ሰው እምቢ እንዲል የቀረበ ግብዣ ነው።

አሠራሩን ለማያውቁ በአጭሩ ልግለጽ። በእኛ አገር ዩኒቨርሲቲዎች እስከ ተባባሪ ፕሮፌሰር ያለው ዕድገት በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ሲያልቅ፣ ሙሉ ፕሮፌሰርነት ግን ከትምህርት ክፍሉ ጉባኤ ተነሥቶ፣ በኮሌጁ አካዳሚክ ኮሚሽን፣ በውጭ ገምጋሚዎችና በሴኔት አልፎ በሥራ አመራር ቦርዱ ይጸድቃል። የሚመዘኑት ነገሮች ማስተማር፣ የታተሙ የምርምር ሥራዎች፣ በዩኒቨርሲቲው አስተዳደርና ኮሚቴዎች የተሰጠ አገልግሎት፣ እንዲሁም የማኅበረሰብ አገልግሎት ናቸው። ነጥቡና ዝርዝሩ ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ስለሚለያይ የራሳችሁን የሴኔት ሕግ የቅርቡን እትም አውጥታችሁ አንብቡ፤ ባልደረባችሁ «እንዲህ ነው» ብሎ የነገራችሁ ብዙ ጊዜ የተሻረው እትም ነው።

የመጀመሪያው ፋይል ሁለት ወፍራም ቦክስ ፋይል ሞላ። በሳጥኑ ውስጥ ያገኘሁትን ሁሉ አስገባሁ፤ የሦስት ቀን ዎርክሾፕ ሰርተፊኬት፣ የምስጋና ደብዳቤ፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ፣ ሌላው ቀርቶ በአንድ ወቅት የግቢ ጽዳት ኮሚቴ አባል የሆኑበትን የውስጥ ማስታወሻ ሳይቀር። ብዛቱ ያስከብራል ብዬ ነበር። ኮሌጁ በመጋቢት 2011 የመለሰው በሁለት ምክንያት ነው፤ የአምስት ሴሚስተር የማስተማር ምዘና ውጤት ጎድሏል፣ እንዲሁም «ከቀረቡት ጽሑፎች የተወሰኑት የአመልካቿ ስለመሆናቸው ማረጋገጫ የለም»።

ሁለተኛው ምክንያት በጣም አናዶኝ ነበር፤ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ሳያቸው ግን ኮሚሽኑ እውነት እንዳለው ገባኝ። የመምህሬ ስም በላቲን ፊደል በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ታትሟል። በአንዱ ድርብ ፊደል አለ፣ በሌላው የለም፤ በሦስተኛው የአባታቸው ስም መጀመሪያ መጥቷል። ከዚህም የባሰው የእኛ ስም አወጣጥ ከፈረንጆቹ የመረጃ ቋት ጋር አለመስማማቱ ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ነው። የውጭ ጆርናሎች ግን የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ወስደው የራስን ስም በአንድ ፊደል ያሳጥሩታል። የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ የተባለው ስምንት ቅጽ ያለው ታላቅ የዕፅዋት መዝገብ የኢትዮጵያውያንን ስም ሳያሳጥር ከነአባታቸው ስም መጻፉን የማደንቀው ለዚህ ነው። የመምህሬ ሥራዎች ግን ስኮፐስ በተባለው ዓለም አቀፍ የምርምር ጽሑፎች መረጃ ቋት ላይ በሦስት የተለያዩ ሰዎች ስም ተበታትነው ነበር፤ ከሦስቱ «ሰዎች» አንዷም ብቻዋን ለፕሮፌሰርነት አትበቃም።

ይህን ለማስተካከል ሁለት ወር ፈጀብን። ለመምህሬ ኦርኪድ የሚባለውን ነጻ የተመራማሪ መለያ ቁጥር አወጣንላቸው፤ 16 አሃዝ ያለው ሲሆን ስም ቢለዋወጥም ቁጥሩ ሰውየውን ተከትሎ ይሄዳል። ስኮፐስ የተበታተኑ መገለጫዎችን እንዲያዋህድ በድረ ገጹ በኩል ጥያቄ አቀረብን፤ ጎግል ስኮላር ላይም የእሳቸው ያልሆኑትን እየሰረዝን የእሳቸው የሆኑትን ሰበሰብን። በመጨረሻም ሦስቱ አጻጻፎች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ከሰው ሀብት አጽፈን አያያዝን። ገና ወጣት የሆናችሁ መምህራን ለምትጽፉት የመጀመሪያ ጽሑፍ ስማችሁን እንዴት እንደምትጽፉ ዛሬ ወስኑና እስከ ጡረታ አትለውጡት።

የጎደሉት የምዘና ውጤቶች ጉዳይ ሌላ መከራ ነበር። ኮምፒውተሩ ተበላሽቷል፣ ሬጅስትራር የለኝም ይላል፣ ኮሌጁ ወደ ትምህርት ክፍሉ ይልከኛል፣ የክፍሉ ኃላፊ ደግሞ እኔው ነኝ። ያዳኑን የክፍሉ የቀድሞ ጸሐፊ ናቸው። ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት የእያንዳንዱን ሴሚስተር ውጤት ኮፒ እያደረጉ በአንድ ቁምሳጥን አስቀምጠው ነበር፤ ማንም እንዲያደርጉ አላዘዛቸውም። ቤታቸው ሄጄ ስጠይቃቸው፣ «ሁለተኛው ቁምሳጥን፣ ከታች፣ ከአሮጌው መጋረጃ ሥር» አሉኝ። እዚያው ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየሴሚስተሩ መጨረሻ የእያንዳንዱን መምህር ውጤት ስካን አድርጌ አንድ ኮፒ ለባለቤቱ እልካለሁ።

ከዚህ በኋላ ያለውን አንድ ዓመት ተኩል በአጭሩ እለፈው። በ2011 ክረምት አዲሱ የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ወጣ፤ የሴኔቱ ሕግ ከእሱ ጋር እስኪጣጣም ዕድገት ሁሉ ይቆይ ተባለ። ቀጥሎ በመጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ዩኒቨርሲቲዎች ተዘጉ። እኔም ፋይሉን ቤቴ ወስጄ አልጋ ሥር አስቀመጥኩት።

ሁለተኛው ማቅረቢያ በኅዳር 2013 ነበር። በዚህ ጊዜ ኮሌጁን አለፈና ወደ ውጭ ገምጋሚዎች ተላከ። ከገምጋሚዎቹ ሁለቱን የጠቆምኩት እኔ ነኝ፤ ሁለቱም መምህሬን በደንብ የሚያውቁ ትልልቅ ሰዎች ናቸውና በደስታ ይጽፋሉ ብዬ አሰብኩ። በደስታም ጻፉ። ችግሩ አንደኛው ከስምንት ዓመት በፊት አብረዋቸው ጽሑፍ ያሳተሙ መሆናቸው ነው፤ ይህ ደግሞ በሕጉ የጥቅም ግጭት ይባላል። ሁለተኛው የጻፉት ደብዳቤ ስድስት መስመር ነበር፤ «ለረጅም ጊዜ አውቃቸዋለሁ፣ ታታሪና ቅን ሰው ናቸው፣ ማዕረጉ ይገባቸዋል» ይላል። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ለጎረቤት የሰርግ መጥሪያ እንጂ ለፕሮፌሰርነት አይሆንም፤ ኮሚቴው ስለ ሥራው አንድ ቃል እንደሌለበት ሲያይ ከደጋፊነት ይልቅ ጥርጣሬ ሆነብን።

በዚያው ዙር አንድ የኮሚቴ አባል ከቀረቡት ጽሑፎች አንዱ የታተመበትን ጆርናል ጠቅሰው፣ «ይህ ገንዘብ ተቀብሎ ሳይገመግም የሚያትም ነው» አሉ። እውነት ነበር። ጽሑፉ የአንድ ተማሪያቸው የማስተርስ ሥራ ሲሆን ተማሪው ለሥራ ቅጥር ቸኩሎ ያሳተመው፣ መምህሬ በሁለተኛ ጸሐፊነት የተጠቀሱበት ነው። ባይገባ ኖሮ ፋይሉ ምንም አይጎድለውም ነበር፤ እኔ ግን ለቁጥር ማሟያ አስገባሁት። ፋይሉም ለሁለተኛ ጊዜ ተመለሰ። ጄፍሪ ቢል የተባለው አሜሪካዊ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የአጭበርባሪ አሳታሚዎችን ዝርዝር ሲያወጣ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2017 ከድረ ገጹ ካነሣው በኋላ፣ አንዱ ኮሚቴ የድሮውን ዝርዝር ኮፒ፣ ሌላው ስኮፐስን፣ ሌላው የራሱን ሠንጠረዥ ይጠቀማል። ስለዚህ ፋይል ከመግባቱ በፊት እያንዳንዱን ጆርናል አንድ በአንድ መርምሩ፤ የሚያጠራጥር ካለ ደፍራችሁ አውጡት። አንድ የተበላሸ ወረቀት ሃያ ጤነኛ ወረቀት ያስጠረጥራል።

ሦስተኛው መመለስ ግን ከሁሉም የበለጠ የጎዳኝና ያስተማረኝ ነው። በ2013 መጨረሻ አዳዲስ ገምጋሚዎች ተገኝተው፣ ፋይሉ ጸድቶ ሴኔቱ ወዳቋቋመው ኮሚቴ ደረሰ። ሁሉም ነገር ተሟልቷል፤ ነጥቡም ይበቃል። ከኮሚቴው አባላት አንድ አንጋፋ ፕሮፌሰር ግን ወደ ቢሯቸው አስጠሩኝ። ፋይሉ ጠረጴዛቸው ላይ ተከፍቷል፤ በየገጹ በእርሳስ ትንንሽ ምልክት አድርገዋል። መነጽራቸውን አወለቁና፣ «ሁሉንም አነበብኩት። ወረቀቱን አየሁ፣ ሴትዮዋን ግን አላገኘኋትም። እሷ ባትኖር ኖሮ ምን ይጎድል ነበር? እሱን አንድ ገጽ ላይ ጽፈህ አምጣልኝ» አሉኝ። በደንቡ መሠረት ፋይሉን ማሳለፍ ይችሉ ነበር። ሆኖም ቦርዱ ፊት ሲቀርብ የሚከራከርለት ሰው በእጁ የሚይዘው ነገር እንዲኖረው ስለፈለጉ መለሱት። ያን ዕለት ተናድጄ ወጣሁ። ዛሬ ሳገኛቸው ጎንበስ ብዬ ነው የምጨብጣቸው።

አንድ ገጽ መጻፍ ቀላል ይመስላል። ሦስት ቀን ተቀምጬ «በምርምርና በማስተማር ከፍተኛ አስተዋፅኦ አድርገዋል» ከሚል ዓረፍተ ነገር ማለፍ አቃተኝ። በአራተኛው ቀን የዕፅዋት ናሙና ክፍላችን፣ ሄርባሪየም የምንለው፣ ገባሁና ቴክኒሽያኑን፣ «ዶክተር የሰበሰቧቸው የትኞቹ ናቸው?» ብዬ ጠየቅኩት። ሳቀብኝ። «የእሳቸው ያልሆኑትን ብትጠይቀኝ ይቀላል» አለ። የመጀመሪያውን የብረት ሳጥን ሲከፍት የናፍታሌን ሽታ አፍንጫዬን መታው። በውስጡ የደረቁ ዕፅዋት በወፍራም ወረቀት ላይ ተሰፍተው፣ ከታች በቀኝ በኩል መግለጫ ተለጥፎባቸው ተደርድረዋል። ገና ያልተለጠፉት ደግሞ በአሮጌ የአዲስ ዘመን ጋዜጣ መካከል ተጭነው ይገኛሉ፤ ከአንዱ ቅጠል ጀርባ ስለ መኸር ምርት የተጻፈ ርዕስ ይታያል። አንዱን መግለጫ አነበብኩት፤ በእሳቸው ጥርት ያለ የእጅ ጽሑፍ፣ «ቁጥር 1147፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ፣ ከምንጩ በላይ፤ ቁመቱ 6 ሜትር፤ አበባው ነጭ፤ የአካባቢው ሰው ፍሬውን ለከብት ትል ይሰጣል፤ የነገሩኝ እናት ስማቸው እንዲጻፍ አልፈለጉም» ይላል።

ስሟ እንዲጻፍ ያልፈለገችውን ሴት እንኳ መዝግበዋታል። ያን ጊዜ ነው ጥያቄው የተመለሰልኝ። እሳቸው ወደዚህ ዩኒቨርሲቲ ሲመጡ ክፍሉ አንድም የዕፅዋት ናሙና አልነበረውም። ዛሬ በአካባቢያችን ስላለ ዛፍ የሚያጠና ማንኛውም ተማሪ፣ የግብርና ቢሮ ባለሙያ ወይም የውጭ ተመራማሪ የሚጀምረው ከእነዚህ ሳጥኖች ነው። የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 እስኪጠናቀቅ ድረስ ሦስት አሥርት ዓመታት የወሰደው፣ ወደ 6,000 የሚጠጉ የዕፅዋት ዝርያዎችን ለመግለጽ መጀመሪያ ሰው በእግሩ ሄዶ መሰብሰብ ስላለበት ነው። የዚህ ዓይነቱ ሥራ በጽሑፍ ብዛት ብቻ አይለካም፤ እኔም በሁለት ቦክስ ፋይል ውስጥ ስለ ሄርባሪየሙ የጻፍኩት አንድ መስመር ነበር። እሱም «የኮሚቴ ተሳትፎ» በሚለው ሥር።

በዚያው ሰሞን አሜሪካ ለሚያስተምር የቀድሞ የክፍል ጓደኛዬ ደውዬ እነሱ ዘንድ እንዴት እንደሆነ ጠየቅኩት። እዚያ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ከሙሉ ፕሮፌሰርነት በላይ ሌላ የክብር ማዕረግ አላቸው፤ ዲስቲንጉዊሽድ ፕሮፌሰር ይሉታል። ሃርቫርድ እ.ኤ.አ. ከ1935 ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የሚል የራሱ ማዕረግ አለው። የኒውዮርክ ግዛት ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በምርምር ለላቁት፣ በማስተማር ለላቁት፣ በአገልግሎት ለላቁት ለየብቻው የክብር ማዕረግ ይሰጣል፤ ይህን ስሰማ ቀናሁ። በእኛ አሠራር ጎበዝ አስተማሪ የሆነ ሰው ወረቀቱ ካነሰ መንገዱ የለውም። ጓደኛዬ ከነገረኝ ሁሉ ግን ሁለት ነገር ያዝኩ። በብዙዎቹ ቦታ እጩው ራሱ አያመለክትም፤ ባልደረቦቹ ናቸው የሚያጩት። ደብዳቤውም የሚጀምረው በዝርዝር ሳይሆን በአንድ ታሪክ ነው። በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ይህን ማዕረግ የያዙትን ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታን ብትወስዱ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ሰው ሥራ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነገራል፤ አቀንጭራ የተባለውን ጥገኛ አረም የሚቋቋም ማሽላ አራብተው ለአፍሪካ ገበሬ አደረሱ። ሌላው ሁሉ የዚያ ዓረፍተ ነገር ማስረጃ ነው።

የተመራማሪው የዶክተር አክሊሉ ለማ ታሪክም ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ማየታቸው ቀንድ አውጣ ለሚያስተላልፈው ለቢልሃርዚያ በሽታ መከላከያ ምርምር መነሻ ሆነ። ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1989 ነው፤ ሃያ አምስት ዓመት ቆይቶ። ክብር ሲዘገይ ሰውየውን በሕይወት ካገኘው እንደ ዕድል ይቆጠራል።

ስለዚህ ፋይሉን እንደገና ጻፍነው። ከሁለቱ ቦክስ ፋይል አንዱን ሙሉ በሙሉ ጣልኩት። መጀመሪያ የተቀመጠው ያ አንድ ገጽ ሆነ፤ ሄርባሪየሙ፣ ከእሱ የወጡት ዋና ዋና ጽሑፎች፣ በእሱ ላይ የሠለጠኑት ተማሪዎች ዛሬ የት እንዳሉ፣ እንዲሁም ከመግለጫዎቹ ተነሥቶ የወረዳው ችግኝ ጣቢያ ከባሕር ዛፍ ሌላ ወይራ፣ ጽድ፣ ኮሶና ዝግባ ማፍላት መጀመሩ። እያንዳንዱ አባባል በቅንፍ የአባሪ ቁጥር አለው፤ ገምጋሚው «እውነት ነው?» ሲል ጣቱን ወዲያው ማስረጃው ላይ ማሳረፍ አለበት። ከጽሑፎቹ አምስቱን መርጠን ለእያንዳንዱ አራት መስመር ማብራሪያ ሰጠን፤ ጥያቄው ምን ነበር፣ ምን ተገኘ፣ የመምህሬ ድርሻ የቱ ነው፣ ማን ተጠቀመበት። የማኅበረሰብ አገልግሎት የሚለውን ክፍል ቀድሞ እንደ ማሟያ ነበር የምቆጥረው፤ ከችግኝ ጣቢያው ኃላፊ የመጣው ባለ አንድ ገጽ ደብዳቤ ግን ከሁሉም ደብዳቤዎች የበለጠ እንደተነበበ በኋላ ሰምቻለሁ።

ለገምጋሚዎችም በዚህ ጊዜ በሥርዓት ሄድን። አብሯቸው ያላሳተመ፣ ያላስተማራቸው፣ ያልተማረባቸው፣ ነገር ግን በሙያው የታወቀ ሰው ፈለግን። የተጠየቁትም በሕጉ መሠረት በእኔ ሳይሆን በኮሌጁ በኩል ነው፤ እኔ ያደረግኩት የሚላክላቸው ጥቅል አጭርና ንጹሕ እንዲሆን መርዳት ብቻ ነው። ስምንት ሳምንት ተሰጣቸው። ፈረንጆች በሐምሌና በነሐሴ ዕረፍት ላይ ስለሚሆኑ በዚያ ወቅት አትላኩ፤ እኛ ባለፈው ዙር ልከን ሁለት ወር በከንቱ ጠብቀናል። ከአንዱ የተመለሰው ደብዳቤ አራት ገጽ ነበር፤ መምህሬ ስለ አንድ ዝርያ የሰጡትን መደምደሚያ ሳይቀር ይተቻል። ደነገጥኩ። አንጋፋው ፕሮፌሰር ግን፣ «ይህ ነው ደብዳቤ። ያላነበበ አይተችም» አሉኝ።

ሴኔቱ በግንቦት 2014 አሳለፈው። ከዚያ በኋላ ቦርዱ እስኪሰበሰብ ስምንት ወር ያህል ጠበቅን፤ በመካከሉ መምህሬ ስልሳ ዓመት ሊሞላቸው ተቃርቦ የጡረታ ማሳወቂያ ደብዳቤያቸው ተጽፎ ነበር። ይህን ዕድሜ አስቀድማችሁ አስሉ። ስልሳ ሊሞላው ሦስት ዓመት የቀረው ባልደረባ ካላችሁ ዘግይታችኋልና ዛሬ ጀምሩ። እኔ ይህን ሳላሰላ ነው አንድ ዓመት ዝም ያልኩት፣ ለወራትም አልጋ ሥር ያስቀመጥኩት። ቦርዱ በጥር 2015 አጸደቀው፤ ስልሳ ሊሞላቸው አሥር ሳምንት ሲቀረው።

ስልክ ሲደወልልኝ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ትምህርቱን አቋርጬ ወደ ሄርባሪየሙ ሮጥኩ። መምህሬ ከቴክኒሽያኑ ጋር በመርፌና በክር አንድ ቅርንጫፍ ወረቀት ላይ እየሰፉ ነበር፤ ክሩ እንዳይፈታ እሱ በጣቱ ይዞላቸዋል። ነገርኳቸው። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አሉና ስፌቱን ጨርሰው ቋጠሩት። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ለረጅም ጊዜ ጠረጉ፤ እኔም ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ትንሽ ቆይተው፣ «ያ አንድ ገጽ ላይ ስለ ሳጥኖቹ ጻፍክ አሉኝ» አሉ።

«አዎ ዶክተር።»

«ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ጋዜጣውን የቀየረው፣ ነፍሳት እንዳይበሉት ያደረው፣ ኮሮና ጊዜ ግቢው ተዘግቶ በአጥር ዘሎ ናፍታሌን የጨመረው እሱ ነው» ብለው በአገጫቸው ወደ ቴክኒሽያኑ አመለከቱ። «የእሱን ፋይል ማን ይዟል?»

ቴክኒሽያኑ አፍሮ ክሩን መጠቅለል ጀመረ። በማግስቱ ሰው ሀብት ሄጄ ለላቦራቶሪና ለሄርባሪየም ቴክኒሽያን የሚሆን የማዕረግ ወይም የክብር ቅጽ ጠየቅኩ። የለም። ባዶ ወረቀት ወስጄ ከላይ ስሙን፣ ከሥሩም «ቁጥር 1147ን ማን ጠበቀው?» ብዬ ጽፌ አዲስ ፋይል ከፈትኩለት፤ የሚመለከተው ኮሚቴ የትኛው እንደሆነ አሁንም እየጠየቅኩ ነው።